የኡመይር በር

ጆንያው ባይፈነዳ ኖሮ ሌባው ዛሬም ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ይንጎራደድ ነበር።

ነገሩ የሆነው በሐምሌ ገብርኤል ማግስት፣ ጅማ አቅራቢያ አሰንዳቦ፣ በአቶ ከተማ የቡና መጋዘን ነው። መኪናው ወደ አዲስ አበባ ሊጫን በር ላይ ቆሟል። አንዱ ጫኝ ከኋላ ረድፍ ያነሳውን ጆንያ ትከሻው ላይ ሊያወጣ ሲል አመለጠውና ሲሚንቶው ላይ ዘጭ! ስፌቱ ተተረተረ። የፈሰሰው ግን ቡና ለማለት የሚያሳፍር ነገር ነው፤ የሻገተ፣ የተሰባበረ፣ ከነጠጠሩ ከመሬት የተጠረገ። እዚያ ቦታ የተቀመጠው ደግሞ የጎማ ወረዳ ገበሬዎች አንድ በአንድ የለቀሙት ምርጥ ቡና ነበር። ሌሎቹን ቢፈትሹ የኋላው ረድፍ በሙሉ ያው ሆኖ ተገኘ።

እኔ ኢንስፔክተር ጥሩወርቅ ነኝ። ራሴን ማሞገስ አልወድም የሚል ሰው ውሸታም ነው፤ እኔ እወዳለሁ። ዓይኔ ትንሽ ነገር አያልፍም። የሻይ ብርጭቆ ወገቡ ለምን እንደጠበበ፣ የጀሪካን ክዳን ለምን በማሰሪያ እንደተያዘ፣ የባጃጅ መጋረጃ በየት በኩል እንደሚቆለፍ ሳላይ አልሄድም። ባለቤቴ በረከት «አንቺ ሴትዮ፣ ለቅሶ ቤት ሄደን እንኳ ወንበር ገልብጠሽ ታያለሽ!» እያለ ይቆጣኛል። አዎ፣ አያለሁ። አንድ ሰው ተጨንቆ የሠራውን ነገር ሳያዩ ማለፍ ነውር ነው።

ከረዳቴ ከሳጅን ፈየራ ጋር ስንደርስ አቶ ከተማ ራሳቸውን ይዘው ቆመዋል። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ትከሻቸው ግን አሁንም በር ይዘጋል።

«ኢንስፔክተር፣ በዚህ ትከሻ ጆንያ ተሸክሜ ነው እዚህ የደረስኩት» አሉኝ። «ከበዓሉ በፊት በገዛ እጄ ናሙና ወስጄ አይቼዋለሁ። በገብርኤል ዘግተን ዋልን። ይኸው ዛሬ ጉድ ሆንኩ!»

ጆንያውን የጣለው ጫኝ ጥግ ላይ ተኮራምቶ ይምላል። «ወላሂ እኔ አልጣልኩትም! መያዣ የለውም፣ አዳለጠኝ።»

«አንተ ደግሞ ዝም በል፣ አሁን የሱ ሰዓት ነው?» አለው ሊዮል።

ሊዮል የመጋዘኑ ኃላፊ ነው፤ የአቶ ከተማ ሚስት ወንድም። በዚያ ሁሉ አቧራ መሐል ነጭ ሸሚዙ ላይ አንዲት ነጥብ የለችም። ንጽሕናውን አደነቅኩለት።

ጓጉንቸሩ አልተሰበረም። ጣሪያውም ግድግዳውም ደህና ነው። ግራ ሲገባኝ ፈየራ ከበሩ አጠገብ ጠራኝ። በሩ ለጭነት ወለል ብሎ ተከፍቶ በድንጋይ ተደግፏል። ከዋንዛ ጣውላ የተሠራ፣ እንደ ጎልማሳ ሰው የሚያኮራ በር ነው።

«ማጠፊያውን ይዩት» አለ ፈየራ። «ብሎኖቹ አናት ላይ አዲስ ጭረት አለ። ካቻቪቴ ገብቶባቸዋል። በሩን ነቅለው፣ ጭነው፣ መልሰው ገጥመውታል። ቁልፍ ምን ያደርግላቸዋል?»

«በሩን የሠራው ማን ነው?»

«ኡመይር የሚባል የጅማ አናጢ» አለ ሊዮል። «ባለፈው ሰሞን ደግሞ ዝናቡ አሳብጦት ሊልገው መጥቶ ነበር። ብቻውን ሲሠራ ነው የዋለው።»

ፈየራ ሰፈሩን ሲጠይቅ በገብርኤል ዋዜማ፣ ማምሻውን የኡመይርን ሞተር ሳይክል አሰንዳቦ ያየ ባለሱቅ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ማን ያቆመዋል? በዚያው ቀን ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ሄዶ፣ ኡመይርን ከእንጨት ሥራ ቤቱ፣ ሰፈርተኛው እያየ፣ በካቴና አወጣው።

*

ኡመይር ከፊቴ ሲቀመጥ ፀጉሩ ላይ አሁንም የእንጨት ብናኝ ነበር።

«በገብርኤል ዋዜማ ማታ የት ነበርክ?»

«ቤቴ» አለኝ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። መዋሸት እንኳ አይችልበትም።

ክርክር አልገጠምኩትም። ስልኬን አውጥቼ የማጠፊያውን ፎቶ አሳየሁት። ያን ጊዜ ሰውዬው ተለወጠ፤ ብድግ ሊል ሲል ፈየራ ትከሻውን ያዘው።

«ይሄ ምንድን ነው? ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«አንተ ነህ እየተባለ ነው።»

«ኢንስፔክተር፣ ሌባ ይበሉኝ፣ ግድ የለም። ይሄንን ኡመይር ገጠመው ግን አይበሉ!» ጣቱን ስክሪኑ ላይ ደገነ። «ይዩት እስቲ! የዚህ ብሎን አናት ላይ ያለው ስንጥቅ ወደ ቀኝ፣ የዚያ ወደ ግራ። የእኔ ብሎን ስንጥቁ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው። ሁሉም እኩል፣ ልክ እንደ ሶላት ሰልፍ። የሠራሁትን በር ሁሉ ዞረው ይዩ! ሰዉ 'በሩ ሲዘጋ ለማይታይ ብሎን ምን አደከመህ' ይለኛል። አላህ ያየዋል። እኔም አየዋለሁ።»

እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። እኔ በምኖርበት በጊንጆ ጉዱሩ እሱ የሠራው የጎረቤቴ በር አለ። ወደ ቤቴ ስገባ ከፍቼ አየሁት። ብሎኖቹ አንዱ ካንዱ ሳይዛነፍ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጎረቤቴ «ምን ጠፋሽ?» ብትለኝ «ምንም፣ የሰው ኩራት እያየሁ ነው» አልኳት።

በማግስቱ ይህንኑ ለፈየራ ስነግረው ሳቀብኝ። «ኢንስፔክተር፣ ሜ፣ እስቲ፣ ሌባ ሲቸኩል ብሎን ያስተካክላል እንዴ?»

አናደደኝ፤ ምክንያቱም ትክክል ነው።

*

ያን ቀን ሐጂ ቲጃኒ ቢሮዬ መጡ። የበቾ ቦሬ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ የመስጊዳቸውን እድሳት የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ተነስቼ ወንበር ሰጠኋቸው።

«ልጄ፣ ስለ ኡመይር ነው» አሉ። «የመስጊዳችንን ትልቁን በር እንዲሠራ ለሱ ሰጥተን ነበር። አባቱ ይህን ሥራ ሲመኝ ነው የሞተው፤ ልጁም ለዚሁ ብሎ ጣውላ ሲያደርቅ ኖሯል። አሁን ግን በካቴና ሲሄድ አገር አየው። ትናንት ግቢው ውስጥ ለጀመዓው ተናግሬያለሁ፤ የሌባ እጅ የነካው በር ለአላህ ቤት አይሆንም። እስከ ጁምዓ ነገሩ ካልጠራ ለሌላ ሰው እንሰጣለን።»

«ሐጂ፣ ገና እየመረመርን እኮ ነው! እንዴት በሰው ፊት ሌባ ይሉታል?»

«ያሰራችሁት እናንተ ናችሁ» አሉኝ በቀስታ።

 እሳቸው እንደወጡ ኡመይርን አስጠርቼ ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። 

«አሰንዳቦ ነበርኩ። እዚያ እማ ሩፈይዳ የሚባሉ ሴት አሉ። የቤታቸው በር የድሮ ነው፤ የሠሩት ሰውዬ በሕይወት የሉም። ጠርዙን እንዴት አድርገው እንደጠረቡት ለማየት ሄድኩ። ለመስጊዱ እንዲሆነኝ።»

«ታዲያ ምኑ ያሳፍራል? ለምን ዋሸህ?»

«ኡመይር ከሰው በር ይቀዳል እንዲሉኝ?» አለና ቀና ብሎ አየኝ። «ያ ረቢ! ከዚያስ እስር ቤት ይሻለኛል።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ለኩራቱ ሲል የገዛ ምስክሩን የሚደብቅ ተጠርጣሪ ገጥሞኝ አያውቅም።

አሰንዳቦ ሄደን እማ ሩፈይዳን ጠየቅናቸው። «ኤዬ፣ አዎ መጥቷል» አሉ። «ባትሪ ይዞ በሬን እንደ ሙሽራ ሲዳብስ አመሸ። እራት ብሰጠው እምቢ ብሎኝ ሄደ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ? ተኛሁ።»

ለምን እንደመጣ ታወቀ፤ ሌሊቱን የት እንዳደረ ግን የሚመሰክርለት የለም።

*

ከዚያው ወደ መጋዘኑ ጥበቃ ወደ አባባ ወልደሰማያት አለፍን። «ሁለቱንም ሌሊት ከቦታዬ ንቅንቅ አላልኩም» ብለው ድርቅ አሉ። ሲናገሩ እኔ የማየው ጋቢያቸውን ነው። ጠርዙ ላይ የጧፍ ሰም ጠብ ጠብ ብሎ ደርቋል።

«አባባ፣ መጋዘን ውስጥ ጧፍ ያበራሉ?»

እጃቸው ወደ ጋቢያቸው ሄደ። ከዚያ ተነፈሱ። «የገብርኤልን ማኅሌት ቀርቼ አላውቅም፣ ልጄ። በዋዜማው እዚያ ነው ያደርኩት። ሁሉም ያውቃል፤ አቶ ከተማም፣ ሊዮልም፣ ጫኞቹም። ስርቆቱ ሲሰማ ግን ከሥራ እንዳልባረር ብዬ ደበቅኩት።»

«ኡመይርስ ያውቃል?»

«በሩን ሲልግ ስናወራ ነግሬዋለሁ።»

ፈየራ አየኝ፤ «አላልኩም?» የሚል አስተያየት። ስርቆቱ በዋዜማው ሌሊት መሆኑ ተረጋገጠ፤ ተጠርጣሪያችንም የጥበቃውን አለመኖር ያውቅ ነበር። ተናድጄ ጅማ ገባሁ።

ሐሙስ ጠዋት ነው። ቢሮዬ ተቀምጬ ስብሰለሰል ዝናብ ያመጣው ነፋስ በሩን ድርግም አደረገው። ደንግጬ ቀና አልኩ። ዓይኔም እንደ ልማዱ ማጠፊያው ላይ አረፈ። ከሲሊንደሩ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ብሎኖቹ የት ሄዱ? ተነስቼ በሩን ከፈትኩት፤ አሉ። ዘጋሁት፤ የሉም። በበሩ ጎንና በመቃኑ መሐል ተጣብቀው ተደብቀዋል። ኡመይር እኮ ነግሮኛል! «በሩ ሲዘጋ ለማይታይ ብሎን» ብሎኛል፤ እኔ ኩራቱን ሳደንቅ ነገሩን ሳልሰማው ቀረሁ።

«ፈየራ! መኪና አስነሳ! ካቻቪቴም ያዝ!»

*

የመጋዘኑ በር እንደ ሁልጊዜው ወለል ብሎ ተከፍቷል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁላችንም ያየነው ተከፍቶ ብቻ ነው።

«ድንጋዩን አንሱና ዝጉት» አልኩ። ተዘጋ። ጓጉንቸሩ ገባ። ለፈየራ ካቻቪቴውን ሰጠሁት። «በል፣ በሩን ንቀልልኝ።»

ፈየራ ቀረበ። በቀኝ ፈለገ፣ በግራ ፈለገ፣ ጎንበስ አለ። በእጁ ዳበሰ። ሙሉ ጣውላ ነው፤ ካቻቪቴ ይቅርና ጥፍር የሚገባበት የለም።

«ይሄ...» አለ። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ዱጋ ነው፣ እውነት ነው። በሩ ካልተከፈተ ብሎኖቹ አይገኙም።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ መጀመሪያ በቁልፍ ተከፍቷል። ብሎኖቹን የነካካቸው እኛን ወደ አናጢው ሊመራ ነው።» ድምፁ ወረደ። «እኔም ሄድኩለት።»

ለመጋዘኑ ሁለት ቁልፍ አለ። አንዱ አቶ ከተማ ኪስ፣ ሌላው ሊዮል ወገብ ላይ። ሁለቱም ዋዜማውን ቤታቸው ተኝተን አደርን ይላሉ፤ ለሁለቱም የሚመሰክሩላቸው የገዛ ቤተሰቦቻቸው ናቸው።

«አቶ ከተማ ኢንሹራንስ አላቸው» አለኝ ፈየራ በሹክሹክታ። «ቡናውንም ይሸጣሉ፣ ካሳውንም ይበላሉ።»

ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ወደ ኋላው ረድፍ ሄድኩ። የተጭበረበሩት ጆንያዎች ለማስረጃ ተለይተው ተቀምጠዋል። ከጤነኞቹ ጎን ቆሜ አየኋቸው፤ ጆንያው አንድ ዓይነት፣ ሲባጎው አንድ ዓይነት። ያም ሆኖ አንድ ነገር ይጎላቸዋል። ጤነኛው ጆንያ አፉ ሲሰፋ ጥግና ጥጉ ላይ እፍኝ የምታክል ጨርቅ ተቆንጥጣ፣ በሲባጎ ታስራ፣ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ጫኞቹ ጆሮ ይሏታል። ጆንያ የሚነሳው በሷ ነው። ማን እንደፈለሰፋት አይታወቅም፤ ወገቡ የተሰበረ ሰው መሆኑ ግን አይቀርም። እነዚህኞቹ ጆሮ የላቸውም። አፋቸው ታጥፎ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ተሰፍቷል። ያ ምስኪን ጫኝ ገና በመጀመሪያው ቀን «መያዣ የለውም» ብሎ ሲምል ነበር፤ ማን ሰማው?

ወጥቼ ሁለቱን ባለቁልፎች ጠራሁ። «ለምርመራ የከፈትናቸው ጆንያዎች መታሸግ አለባቸው። ኃላፊዎቹ ራሳችሁ ስፉልኝ።»

አቶ ከተማ መርፌውን ተቀብለው ጎንበስ አሉ። አፋቸው ስለ ዘመኑ ሰው ክፋት ያወራል፤ እጃቸው ለብቻው ይሠራል። ጥጉን ቆነጠጡ፣ ጠመዘዙ፣ አሰሩ፣ ሰፉ፣ በዚያኛውም ጥግ እንደዚያው። ሁለት ጆሮ፤ አንዴም ዝቅ ብለው አላዩትም።

ሊዮል እጅጌውን ሰበሰበ። የጆንያውን አፍ በጥንቃቄ አጠፈ፣ በጣቱ ጠፍጠፍ አደረገና ከዳር እስከ ዳር ጥብቅ አድርጎ ሰፋው። ሲጨርስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አየው።

«ቆንጆ ነው፣ አይደል?» አለኝ። «እነሱ ጥግ ጥጉን ሁሌ ያንጠለጥሉታል፣ ሼም ነው። ሥራ እንዲህ ነው።»

«በጣም ቆንጆ ነው» አልኩትና ጫኙን ጠራሁት። «ና፣ ይሄን አንሳልኝ።»

ጫኙ ጥጉን ያዘ፤ አመለጠው። ደግሞ ሞከረ፤ ተንሸራተተ። «ይኸው!» ብሎ ጮኸ። «ይኸው ኢንስፔክተር! መያዣ የለውም ያልኩት ይሄንን ነው!»

ፈየራ ከኋላው ረድፍ አንዱን የተጭበረበረ ጆንያ ጎትቶ ከሊዮል ሥራ ጎን አቆመው። መንታ ናቸው፤ ያው አስተጣጠፍ፣ ያው ስፌት። 

«ሊዮል፣ ይሄንን የሰፋ ሰው በሕይወቱ ጆንያ ተሸክሞ አያውቅም» አልኩት። «ጫኞቹ ቢሆኑ ጆሮ ያወጡለት ነበር። ጥበቃው ያወጡለት ነበር። አቶ ከተማ በእንቅልፍ ልባቸው እንኳ ያወጡለታል። ቁልፍ ይዞ ጆሮ የማያወጣ እዚህ ግቢ ውስጥ አንተ ብቻ ነህ።»

ሊዮል ሊስቅ ሞከረ። «በስፌት ሰው ይታሰራል እንዴ?»

«አይታሰርም። ቡናውን ስናገኝ ግን ይታሰራል። የጫነልህን መኪና መፈለግ ምን ያህል ይከብደናል ብለህ ነው? አገሩ ትንሽ ነው።»

ነጭ ሸሚዙ በላብ ተጣበቀ። ወደ አቶ ከተማ አየ፤ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጡት። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ። ምርጡን ቡና በራሱ ስም ሊሸጠው በጅማ መንገድ ሰርቦ ላይ በተከራየው ቤት ቆልፎበት ነበር፤ ራሱ መርቶ ወሰደን። ወሬው እንዳይወጣበት ብሎ የተበላሸው ቡና ያለበትን ጆንያ ሁሉ በገዛ እጁ ነው የሰፋው። «አሳምሬ ነበር የሰፋሁት» አለ መኪና ውስጥ፤ እንዲያ ሆኖም በስፌቱ ይኮራል።

*

ዓርብ ጠዋት ኡመይርን ስፈታው አላመሰገነኝም። ልክ ነው፤ ያለ ጥፋቱ የታሰረ ሰው ምን ብሎ ያመሰግናል? ሐጂ ቲጃኒ በር ላይ ይጠብቁት ነበር።

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ» አሉት። «በሩ ያንተ ነው። ሥራህን ጀምር።»

ኡመይር አልተንቀሳቀሰም። «ሐጂ፣ አባቴ ነዎት» አለ። «ሌባ ያሉኝ ግን እዚህ አይደለም። ግቢው ውስጥ፣ በጀመዓው ፊት ነው። እዚያው ካልተመለሰልኝ በሩን አልነካም።»

 እኔ ለሽማግሌ እንዲህ ይባላል ወይ ብዬ ደነገጥኩ። ሐጂ ቲጃኒ ግን «ከጁምዓ በኋላ ና» ብለውት ሄዱ።

ከሶላት በኋላ እኔና ፈየራ ከመስጊዱ አጥር ውጭ ቆምን። ግቢው ሞልቷል። ሐጂ ቲጃኒ ደረጃው ላይ ወጡ። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥለው በአማርኛ ተናገሩ። «የዚህን ልጅ ስም እዚህ ቆሜ አጥፍቻለሁ። ኡመይር ሌባ አይደለም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሁላችሁም ስሙኝ፣ ላልሰማውም አሰሙልኝ።» ይህን ሲሉ አንገታቸውን አልደፉም።

ይሄኔ ከጎኔ የነበረው ሰው የለም። ዞር ብል ፈየራ ጫማውን አውልቆ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ከነዩኒፎርሙ ሰዉን እየሰነጠቀ ወደ ደረጃው ይሄዳል። ማንም አልጠራው፤ እኔም አላዘዝኩት።

«በካቴና የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «በሩን ዘግቼ ሳላይ ነው ያሰርኩት። ኡመይር፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

ኡመይር ከሰልፉ ወጣ። ፈየራን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከዚያ እጁን ዘረጋለት፣ ስቦ ትከሻ ለትከሻ ሰላም አለው፣ ግቢውም «አላሁ አክበር!» ብሎ ተናጋ።

እኔ አጥሩን ይዤ አለቀስኩ። አንዲት ትልቅ ሴት ጠጋ ብለው «ምን ሆንሽ፣ ልጄ? ያንቺ ሰው ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አዎ» አልኳቸው። «ያ ፖሊሱ የኔ ነው።»